ቁጥር ሲከፋፈል፦ የፍጥነትና የሜሞሪ ዳሰሳ

አንድን ሙሉ ቁጥር የአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ድምር አድርጎ መጻፍ የቁጥር ክፍፍል ይባላል። 4 በአምስት መንገድ ይከፋፈላል፦ 4፣ 3+1፣ 2+2፣ 2+1+1 እና 1+1+1+1። የተደማሪዎቹ ቅደም ተከተል አይታይም፤ 3+1 እና 1+3 አንድ ናቸው። ተደማሪዎቹ ክፋዮች ይባላሉ። የክፍፍሎች ብዛት መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ የ5 ክፍፍሎች 7፣ የ10 42፣ የ20 627 ናቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ይፈጥናል፤ የ50 204,226፣ የ100 190,569,292፣ የ200 ደግሞ 3,972,999,029,388 ይደርሳል። የ1,000ን ብዛት ለመጻፍ 32 አሃዝ ያስፈልጋል።

የትኛው አልጎሪዝም እንደሚፈጥን ለመናገር በቅድሚያ ሥራው መለየት አለበት። አንዱ ሥራ መቁጠር ነው፤ ክፍፍሎቹን ሳያወጡ ስንት እንደሆኑ ማወቅ። ሌላው መዘርዘር ነው፤ እያንዳንዱን ክፍፍል ተራ በተራ ማውጣት። ሦስተኛው ዕጣ ማውጣት ነው፤ ለሁሉም እኩል ዕድል ሰጥቶ ከመካከላቸው አንዱን መምረጥ። ሦስቱ እርስ በርስ አይወዳደሩም። የ100ን ክፍፍሎች የሚቆጥር ፕሮግራም ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሳል፤ የሚዘረዝረው ግን 190 ሚሊዮን ጊዜ መንቀሳቀስ ግዴታው ነው። ቢሆንም ሁለቱን በአንድ የልኬት ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ፈጣን፣ ሌላውን ቀርፋፋ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ሜሞሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይለካም። ቁጥሩ ሲያድግ ግን አንድን አልጎሪዝም ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው ከጊዜ ይልቅ ሜሞሪ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን በትንሹ ለማየት ገንዘብ መዘርዘር ይበቃል፤ ዝርዝር ማለት ክፋዮቹ አስቀድመው የተወሰኑበት ክፍፍል ነውና። የኢትዮጵያ ሳንቲሞች 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ናቸው፤ የአሜሪካ ሴንቶችም እንዲሁ። ስለዚህ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ‹ትንሿ ኢትዮጵያ› ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና አንድ ዶላር የሚዘረዝር ገንዘብ ተቀባይና አዲስ አበባ ላይ አንድ ብር የሚዘረዝር ባለሱቅ የሚገጥማቸው ሒሳብ ልክ አንድ ነው፤ 292 መንገድ አለው። ባለ አንድ ብሩ ወይም ባለ አንድ ዶላሩ ሳንቲም ራሱ ሲጨመር 293 ይሆናል። ባለ 1 ሳንቲሟ ከወጣች ግን ከ292ቱ የሚተርፉት 40 ብቻ ናቸው፤ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሣት ሳንቲም ከሰባት መንገዶች ስድስቱን ተሸክማ ኖራለች።

ይህን ለመቁጠር በቅድሚያ የሚመጣው ሐሳብ ‹ትልቁ ሳንቲም ወይ ይገባል ወይ አይገባም› ብሎ ጥያቄውን ለሁለት መክፈልና እያንዳንዱን ቁራጭ በዚያው መንገድ እንደገና መክፈል ነው። ሃሮልድ አቤልሰንና ጄራልድ ሰስማን በ1985 ባሳተሙት የፕሮግራሚንግ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለተካተተ ምሳሌው በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች ያውቁታል። ፕሮግራሙ አጭርና ለማንበብ ደስ የሚል ነው፤ ለ100 ሳንቲም ግን ራሱን 15,499 ጊዜ ይጠራል፣ ያንኑ ንዑስ ጥያቄ እንደ አዲስ ደጋግሞ ይፈታልና። ሰንጠረዥ የሚይዘው መንገድ 101 ቦታ ያለው አንድ ረድፍ ይዞ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ያስገባል፤ በየቦታው ላይ የሳንቲሙን ዋጋ ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘውን ቁጥር ይደምራል። ጠቅላላ ሥራው 414 መደመር ነው። መልሱ አንድ፣ ፕሮግራሞቹም በርዝመት ተቀራራቢ ሆነው ሳለ በድካም ከ30 እጥፍ በላይ ይለያያሉ።

ክፋዮቹን በሌላ መንገድ መገደብም ይቻላል። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ የሚያድጉ ክፋዮች ብቻ ቢፈቀዱና እያንዳንዱ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገባ ቢከለከል፣ ማንኛውም ቁጥር የሚከፋፈልበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል። በእንግሊዝኛ የፕሮግራሚንግ ልምምዶች ‹የኢትዮጵያ ማባዛት› በሚል የሚታወቀው፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ የማባዛት ዘዴ ትክክል የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ክፋዮቹ ገደብ ሲነሣላቸው የሳንቲሙ ሰንጠረዥ ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ከ1 እስከ ቁጥሩ ራሱ ያለው ሁሉ ሳንቲም ነው ማለት ነው። ለ1,000 ይህ 500,500 መደመር ይጠይቃል። ሌዮንሃርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያረጋገጠው ሕግ ግን ሥራውን በእጅጉ ያቀለዋል። በሕጉ መሠረት የአንድ ቁጥር ክፍፍሎች ብዛት የሚገኘው ከርሱ በ1፣ በ2፣ በ5፣ በ7፣ በ12፣ በ15 እና በመሳሰሉት ‹አጠቃላይ ባለ አምስት ጎን› በሚባሉ ቁጥሮች ወደ ኋላ ተሂዶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይደመራሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ይቀነሳሉ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። ለ10 የ9 እና የ8 ብዛት፣ ማለትም 30 እና 22፣ ይደመራል፤ የ5 እና የ3 ብዛት፣ ማለትም 7 እና 3፣ ይቀነሳል፤ 42 ይቀራል። ወደ ኋላ የሚቆጠሩት እርምጃዎች እየተራራቁ ስለሚሄዱ ለ1,000 የሚያስፈልገው መደመርና መቀነስ ወደ 34,000 ይወርዳል፤ ከሰንጠረዡ 15 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሁለቱም ግን ከዜሮ እስከ ተፈላጊው ቁጥር ያሉትን ውጤቶች በሙሉ መያዝ አለባቸው። ኦይለር ጊዜን እንጂ ሜሞሪን አላተረፈም።

በጊዜና በሜሞሪ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ ጥቂት ማይል ርቆ በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሠራ የነበረው ስዋክ የተባለ ኮምፒውተር ጥሩ መለኪያ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ያሠራው፣ ሃሪ ሃስኪ የነደፈው ይህ መሣሪያ በ1950 ሲጠናቀቅ በዓለም ፈጣኑ ነበር፤ ሁለት ቁጥሮችን ደምሮ ውጤቱን ለማስቀመጥ 64 ማይክሮሰከንድ ይወስድበታል። ሜሞሪው ግን እያንዳንዳቸው 37 ቢት የሆኑ 256 ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ በዛሬ አነጋገር ከ1.2 ኪሎባይት ያነሰ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙም ዳታውም በዚያው ውስጥ መስፈር ነበረባቸው። በ1952 ራፋኤል ሮቢንሰን በጻፈው ፕሮግራም አምስት አዳዲስ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች የተገኙት በዚህ ጠባብ ቦታ ነው።

በስዋክ ላይ ክፍፍል ለመቁጠር የሚወስደውን ጊዜ ከነዚህ አሃዞች ማስላት ይቻላል። የ150 ክፍፍሎች ብዛት 40,853,235,313 ስለሆነ በአንድ ቦታ ይሰፍራል። የሳንቲሙ ዘዴ ለ150 11,325 መደመር ይፈልጋል፤ መደመሩ ብቻውን 0.72 ሰከንድ ነው። የኦይለር ዘዴ ወደ 2,000 የሚጠጋ ስሌት ይፈልጋል፤ 0.13 ሰከንድ ገደማ። ሁለቱም 151 ቦታ ለውጤት ይይዛሉ፤ ለፕሮግራሙ 105 ይቀራል፣ እሱም በጥንቃቄ ለሚጽፍ ይበቃል። መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታየው ባለ ሁለት አቅጣጫ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በአንድ በኩል ቁጥሩን፣ በሌላ በኩል ትልቁን ክፋይ የሚይዘው፣ ግማሹ ብቻ እንኳ ቢሞላ ከ11,000 በላይ ቦታ ስለሚሻ ከመጀመሪያውም አይታሰብም። በፍጥነት ረገድ በሰንጠረዡና በረድፉ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም፤ የሚለያያቸው ሜሞሪ ብቻ ነው። በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ ብዙ ፕሮግራመሮች ባለ ሁለት አቅጣጫውን ሳያስቡት ይጽፋሉ።

የዛሬው ኮምፒውተርም የራሱ ጣሪያ አለው። 32 ቢት ያለው ቦታ የሚይዘው እስከ 127 ድረስ ያሉትን ብዛቶች ነው፤ 64 ቢት ያለው ደግሞ እስከ 416። ከዚያ በላይ ቁጥሩ በበርካታ ቦታዎች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ አንድ መደመር በርግጥ አንድ መደመር መሆኑ ያበቃል። ፍሊንት የተባለው የስሌት ቤተ መጻሕፍት እስከነዚህ ጣሪያዎች ያሉትን መልሶች ተሰልተው ያለቁ አድርጎ ይዟል፤ ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ብቻ የሚደረግ ልኬት እንግዲህ አልጎሪዝምን ሳይሆን ከሰንጠረዥ የማንበብን ፍጥነት ይለካል። ወደ ላይ ሲኬድ ሒሳቡ ይከብዳል። የ1 ሚሊዮን ክፍፍሎች ብዛት 1,108 አሃዝ አለው፤ በኦይለር ዘዴ እዚያ ለመድረስ ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ መያዝ 300 ሜጋባይት ያህል ይጠይቃል። ለ1 ቢሊዮን ያው ዘዴ 10 ቴራባይት ገደማ ይፈልጋል፤ የሚፈለገው መልስ ራሱ ግን ከ15 ኪሎባይት አይበልጥም።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው መንገድ ወደ ኋላ ሳይመለስ ተፈላጊውን ቁጥር ብቻ የሚያሰላ ቀመር ነው። ጎድፍሪ ሃርዲና ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1918 ያሳተሙት ተከታታይ ድምር ይህን አደረገ። ፐርሲ ማክማሆን እስከ 200 ድረስ በእጁ ያሰላው ሰንጠረዥ ለቀመሩ መፈተኛ ሆነ፤ በተከታታይ ከሚደመሩት ቁጥሮች፣ ማለትም ከድምሩ ቃሎች፣ ስምንቱ ለ200 የሰጡት ውጤት ከትክክለኛው መልስ የተለየው በ0.004 ብቻ ነበር። ሆኖም ድምሩ እስከ መጨረሻ ቢቀጥል ወደ አንድ መልስ እንደማይጠጋ ዴሪክ ሌመር በ1937 አሳየ፤ ሃንስ ራድማኸር በዚያው ዓመት ባቀረበው የተስተካከለ ቀመር ግን ይጠጋል። ሌመር ቀጥሎ በ1938 የእያንዳንዱን ቃል ከባድ ክፍል ወደ ትንንሽ ተባዦች የሚበትንበትን መንገድ አቀረበ። ይኸው ሌመር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስዋክ የነበረበትን የዩሲኤልኤ የቁጥር ትንተና ኢንስቲትዩት መርቷል።

ያ ከባድ ክፍል የፍጥነቱ ቁልፍ ሆኖ ቀረ። የዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ አልበርት ሊዮን ዋይትማን በ1956 በፓሲፊክ ጆርናል ኦቭ ማቴማቲክስ ስለዚሁ ክፍል ያሳተመው ጽሑፍ ለአሠርታት በመደርደሪያ የቆየ ንጹሕ የሒሳብ ሥራ ይመስል ነበር። ፍሬድሪክ ዮሃንሶን በ2012 ባሳተመው ጥናት ግን እነዚያን ቀመሮች የፕሮግራሙ አካል አደረጋቸው። ሁለተኛው ብልሃቱ የአሃዝ ቁጠባ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቃሎች ብዙ አሃዝ ሲጠይቁ ኋለኞቹ እጅግ ትንንሽ ስለሆኑ በጥቂት አሃዝ መሥራት ይበቃል። ውጤቱ ቀደም ብለው ከታተሙ ሶፍትዌሮች ከ500 ጊዜ በላይ የፈጠነ ሆነ። በዚያው ጥናት ከ1 በኋላ 19 ዜሮ ያለው ቁጥር ክፍፍሎች ብዛት ተሰላ፤ በ2014 ደግሞ ዮሃንሶን 20 ዜሮ ላለው ቁጥር አሰላው፣ መልሱም ከ11 ቢሊዮን በላይ አሃዝ አለው። የሚወስደው ጊዜ መልሱን ለመጻፍ ከሚፈጀው ጊዜ ብዙም ስለማይርቅ ለአንድ ነጠላ ቁጥር ከዚህ ወዲያ የሚተርፈው መሻሻል ትንሽ ነው። ቀመሩ ለሁሉም ጥያቄ ይበጃል ማለት ግን አይደለም። ከዜሮ እስከ 1 ሚሊዮን ያሉት ብዛቶች ሁሉ በአንድ ላይ ከተፈለጉ ነጠላውን ቀመር ሚሊዮን ጊዜ ከመጥራት ይልቅ የኦይለር ሕግ የቆመበትን ማለቂያ የሌለው ብዜት በፈጣን የፖሊኖሚያል ማባዛት መገልበጥ ይሻላል። ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ሲካፈሉ የሚተርፈው ቀሪ ብቻ ከተፈለገም ያው ዘዴ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ቦታ ብቻ ስለሚይዝ 300 ሜጋባይቱ ወደ 8 ይወርዳል። ነጠላው ቀመር የሚያሸንፈው ተፈላጊዎቹ ቁጥሮች ሲበታተኑ ነው፤ ዮሃንሶንም በእሱ ከ22 ቢሊዮን በላይ አዳዲስ የክፍፍል የመካፈል ሕጎች አግኝቷል፣ ቀድሞ የነበረው ሰንጠረዥ 76,065 ይዞ ነበር።

ወደ መዘርዘር ሲመጣ ጥያቄው ሌላ ነው። እዚህ የትኛውም ብልሃት ከክፍፍሎቹ ብዛት በታች ሊወርድ አይችልም፤ የሚለካው ለአንዱ ክፍፍል በአማካይ ስንት እርምጃ ይወጣል የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ግን ‹መዘርዘር› ማለት ማከማቸት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። የ100 ክፍፍል በአማካይ 20 ወይም ትንሽ የሚበልጡ ክፋዮች አሉት። ሁሉም ክፍፍሎች አንድ ባይት ለአንድ ክፋይ ተሰጥቷቸው ቢቀመጡ 4 ጊጋባይት ገደማ ይሞላሉ፤ በፓይተን ዝርዝሮች ከተቀመጡ፣ ለእያንዳንዱ ዝርዝር 56 ባይት፣ ለእያንዳንዱ ክፋይ 8 ባይት ስለሚወጣ፣ ወደ 40 ጊጋባይት ይጠጋል። አንዱን አውጥቶ፣ ተጠቅሞ፣ በዚያው ቦታ ቀጣዩን የሚጽፍ ፕሮግራም ግን 100 ባይት ይበቃዋል። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ካለው ፈጣን ሜሞሪ ስለማይወጣ ፍጥነቱም ከዚሁ ይመነጫል። በመዘርዘር ልኬቶች ትልቁ ልዩነት የሚታየው በአልጎሪዝሞች መካከል ሳይሆን በሚያከማችና በማያከማች አጻጻፍ መካከል ነው።

ጆን መኬይ በ1970፣ አልበርት ኒየንሃውስና ኸርበርት ዊልፍ በ1975 ያሳተሟቸው አልጎሪዝሞች የመጀመሪያው ትውልድ ሊባሉ ይችላሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ክፍፍሉን ክፋይና የድግግሞሹ ቁጥር አድርገው ያስቀምጡታል፤ 1+1+1+1 ‹1 አራት ጊዜ› ይሆናል። ቦታ ይቆጥባል፣ በየእርምጃው የሚደረገው ማጣራት ግን ይበዛል። በ1998 አንትዋን ዞግቢና ኢቫን ስቶይሜኖቪች ያቀረቡት ዘዴ የተሻለው አንድ ቀላል ነገር በማስተዋል ነው። ክፍፍሎቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲዘረዘሩ ከ1 የሚበልጠው የመጨረሻ ክፋይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ነው፤ ያን 2 ወደ 1+1 መለወጥ ብቻ ቀጣዩን ክፍፍል ይሰጣል። ረድፉ አስቀድሞ በ1 ተሞልቶ ከነበረ ደግሞ የሚቀየረው አንድ ቦታና ሁለት ቆጣሪ ነው። ምን ያህል ጊዜ? 2 ያለባቸው የ100 ክፍፍሎች ብዛት የ98 ክፍፍሎችን ብዛት ያህላል፣ ማለትም 150,198,136፤ ከጠቅላላው 79 በመቶ ያህል። ዶናልድ ክኑዝ በታላቁ መጽሐፉ አራተኛ ቅጽ ውስጥ ያሰፈረው አልጎሪዝምም በዚሁ አቋራጭ ላይ የቆመ ነው።

ጀሮም ኬለሄርና ባሪ ኦሱሊቫን ጥያቄውን ገለበጡት፤ ክፋዮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢጻፉስ? በ2009 ያቀረቡት ንጽጽር በሁለቱም አጻጻፍ የተሠሩ ተመጣጣኝ አልጎሪዝሞችን አንድ በአንድ አሰልፎ ሽቅብ የሚወጣው እንደሚሻል አሳየ። ምክንያቱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፋዮች ናቸው። ፊተኞቹ ከጸኑ በኋላ ሁለቱ ድምራቸው ሳይለወጥ አንዱ እየጨመረ ሌላው እየቀነሰ በጠባብ ዙር ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ የቀረው ረድፍ አይነካም። ለሰው ዓይን 5+3+1 ከ1+3+5 ይልቅ የተለመደ ቢመስልም ለማሽኑ የኋለኛው ይቀላል። ካርላ ሳቬጅ በ1989 ያሳየችው ቅደም ተከተል ደግሞ ሌላ ግብ አለው፤ ከአንዱ ክፍፍል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ አንድ ክፋይ በ1 ይጨምራል፣ ሌላው በ1 ይቀንሳል፣ ከዚያ የበለጠ ለውጥ አይደረግም። ለአሰሳ ተስማሚ ነው፤ በንጹሕ ፍጥነት ግን ከላይ የተጠቀሱትን ይበልጣል ማለት አይቻልም።

እነዚህን ማወዳደር ቀላል አይደለም። በምርጥ አልጎሪዝሞች አንድ እርምጃ ጥቂት የፕሮሰሰር ትእዛዞች ብቻ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከርሱ ይገዝፋል። ውጤቱ ወደ ስክሪን ወይም ወደ ፋይል ከተጻፈ የ100 ክፍፍሎች ብዙ ጊጋባይት ጽሑፍ ይሆናሉ፤ የሚለካውም የዲስኩ ፍጥነት ነው። ውጤቱ ጨርሶ ካልተነካ ደግሞ ብልኅ ኮምፓይለር ሥራውን እንዳለ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍፍል በርካሽ መንገድ መንካት፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ ክፋዮቹን መደመር፣ የግድ ነው። ፓይተን ላይ ራሱን እየጠራ ክፍፍል የሚያስተላልፍ ጄኔሬተር እያንዳንዱን ውጤት በየደረጃው እየተቀባበለ ስለሚያወጣው አልጎሪዝሙ ሳይሆን ቅብብሎሹ ይለካል። ሲምፓይ የተባለው ቤተ መጻሕፍት ለፍጥነት ሲል አንዱን መዝገብ እያደሰ ደጋግሞ ያቀብል ነበር፤ ይህን ሳያውቅ ውጤቶቹን በዝርዝር የሰበሰበ ተጠቃሚ ያንኑ ክፍፍል ብዙ ጊዜ ተደግሞ ያገኘው ነበር። ቅጂ መውሰድ ስሕተቱን ያርቃል፣ ፍጥነቱን ግን ይበላል፤ ሁለት ፕሮግራሞች ሲወዳደሩ አንዱ ቅጂ ሌላው ያንኑ ቦታ የሚሰጥ ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ትክክለኛነትን ለመፈተሽ ግን ይህ መስክ የታደለ ነው፤ የወጡት ክፍፍሎች ቁጥር ለ100 190,569,292 ካልሆነ ፕሮግራሙ ተሳስቷል።

የ1,000ን ክፍፍሎች ማንም ዘርዝሮ አይጨርስም። ጠባያቸውን ለማጥናት የሚቀረው ዕጣ ነው፤ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች ሳይቀሩ የእንስሳት ቁጥር በዝርያዎች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ለማየት ይጠቀሙበታል። የኒየንሃውስና የዊልፍ ዘዴ ትክክለኛ ነው፣ ሆኖም የብዛቶችን ሰንጠረዥ በሙሉ ይፈልጋል፤ ለ1 ሚሊዮን ያው 300 ሜጋባይት ተመልሶ ይመጣል። በርት ፍሪስቴት በ1993 ባቀረበው ትንተና ላይ የቆመው መንገድ ሰንጠረዥ አይሻም። እያንዳንዱ ክፋይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ለየብቻው በዕጣ ይወሰናል፤ ድምሩ ተፈላጊው ቁጥር ላይ ከወደቀ ይያዛል፣ ካልወደቀ ተጥሎ እንደገና ይሞከራል። ሜሞሪው ኢምንት ነው። ሙከራው ግን ይበዛል፤ ለ1,000 በአማካይ 550 ያህል፣ ለ1 ሚሊዮን 99,000 ያህል ሙከራ ነው።

በዚህ ላይ ጥሩውን መፍትሔ ያመጡት በዩኤስሲ የነበሩት ሪቻርድ አራቲያና ስቲቨን ዲሳልቮ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ከ2 ጀምሮ ያሉት ክፋዮች ብቻ በዕጣ ይውጡ፤ የ1ዎቹ ቁጥር የሚጎድለውን የሚሞላ ይሁን። ክፍፍሉ ሁሉ እኩል ዕድል እንዲኖረው የሚያደርግ አንድ ተጨማሪ ዕጣ ይጣልና ያልፋል ወይም ይወድቃል። ይህች ብቻ የ1 ሚሊዮኑን 99,000 ሙከራ ወደ 127 ገደማ ታወርደዋለች፤ የ1,000ውን ወደ 23። ችግሩን ደጋግሞ በማጋመስ የሚሄደው ሙሉ ዘዴያቸው ደግሞ የሙከራውን ብዛት ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያድግ ከቋሚ ጣሪያ በታች ያቆየዋል። በክፍፍል ዙሪያ ከተሠሩት አልጎሪዝሞች በትንሽ ድካም ትልቅ ትርፍ በማስገኘት ይህን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል።

ከሦስቱ ሥራዎች ጎን አንድ አራተኛ አለ፤ አንዱን ዓይነት ክፍፍል ወደ ሌላው ዓይነት መለወጥ። ኦይለር ጎዶሎ ክፋዮች ብቻ ያሏቸው ክፍፍሎች ክፋይ ከማይደጋገምባቸው ክፍፍሎች ጋር በቁጥር እኩል መሆናቸውን አሳይቷል፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያጣምረው የግሌሸር መንገድም በቅጽበት ይሠራል። ካትሊን ኦሃራ ያቀረበችው አጠቃላይ ዘዴ ለብዙ እንዲህ ያሉ እኩልነቶች በአንድ ጊዜ ያገለግላል። ፍጥነቱን የመረመሩት ማትያዝ ኮንቫሊንካና አሁን በዩሲኤልኤ የሚያስተምረው ኢጎር ፓክ በአንዳንድ ሁኔታዎች ፈጣን፣ በአጠቃላይ ግን እርምጃው በጣም ሊበዛ የሚችል መሆኑን አረጋገጡ፤ ለተወሰኑ እኩልነቶች ያንኑ ውጤት ዘዴውን ሳይከተሉ እጅግ በፈጠነ መንገድ ማግኘት እንደሚቻልም አሳዩ።

በስም ስለሚቀራረቡ ዘወትር ከዚህ ጋር የሚደባለቅ ሌላ ችግርም አለ፤ የተሰጡ ቁጥሮችን ድምራቸው በተቻለ መጠን እኩል በሆነ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምድብ ማከፋፈል። መጠናቸው የተለያየ ቂጣዎችን ለሁለት ሰው እንደማካፈል ያለ ነው፤ ቂጣው አይቆረስም። ኤሊስ ሆሮዊትስና ሳርታጅ ሳህኒ በ1974 ቁጥሮቹን ለሁለት ከፍሎ የየግማሹን ድምሮች ሁሉ በመደርደር የሚፈታ መንገድ አቀረቡ። 50 ቁጥሮች ሲኖሩ እያንዳንዱ ግማሽ 33,554,432 ድምር አለው፤ በ8 ባይት ሲቀመጥ 268 ሜጋባይት ነው፣ ይቻላል። 100 ሲሆኑ ግን 9 ፔታባይት ይሆናል። ሪቻርድ ሽሮፔልና አዲ ሻሚር በ1981 ድምሮቹን ሁሉ ሳያከማቹ በቅደም ተከተል የሚያወጣ ዘዴ አገኙ፤ ጊዜው በመሠረቱ ሳይለወጥ ሜሞሪው ወደ ስኩዌር ሩቱ ወረደ፣ 9 ፔታባይቱ በጥቂት መቶ ሜጋባይቶች ተተካ።

የዩሲኤልኤው ሪቻርድ ኮርፍ በ1998 ያቀረበው አልጎሪዝም ሜሞሪን ጨርሶ ከጥያቄው አወጣው። ናረንድራ ካርማርካርና ሪቻርድ ካርፕ በ1982 ያቀረቡት ፈጣን ግምት ሁለቱን ትልልቅ ቁጥሮች አንሥቶ በልዩነታቸው ይተካል፤ ኮርፍ በየእርምጃው ‹ልዩነታቸው ወይስ ድምራቸው› የሚል ምርጫ ጨምሮበት እስከ ትክክለኛው መልስ የሚዘልቅ ፍለጋ አደረገው። የሚይዘው ቦታ ከቁጥሮቹ ብዛት ጋር እኩል ያድጋል፤ በፈለጉት ጊዜ ቢያቆሙትም እስከዚያ ያገኘውን ምርጥ መልስ ይሰጣል። ምድቦቹ ከሁለት ሲበዙ ጉዳዩ እንደገና ይወሳሰባል። ኤታን ሽራይበር፣ ኮርፍና ማይክል ሞፊት በ2018 ባሳተሙት ሰፊ ንጽጽር ትልልቅ የዘፈቀደ ቁጥሮች ላይ ሁለቱ ዘዴዎቻቸው ከቀደሙት እስከ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ፈጥነው ታይተዋል። ቁጥሮቹ ጥቂት አሃዝ ብቻ ሲኖራቸው ግን ከሁለቱ አንዱ ከፊት ይወርድና ቦታውን ዕቃ በሣጥን ከመደርደር ችግር የተወሰደ ሦስተኛ ዘዴ ይይዘዋል።